የሁለት ዓመት ጎጆ ፍለጋ በስድስት ኪሎ ዙሪያ

«ላጤ ነህ?»

ደላላው ከሰላምታ ቀጥሎ የጠየቀው ይህንን ነው። ሁለተኛው ጥያቄ «ስንት ትችላለህ?» ነበር፤ ሦስተኛው «የስንት ወር ትከፍላለህ?»። ምን ለመማር እንደመጣ የጠየቀው የለም።

ጊዜው የመስከረም መጨረሻ፣ ቦታው ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ የሚያወጣው መንገድ ዳር ነው። ተጠያቂው በደቡብ ኢትዮጵያ በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ወጣት ሲሆን፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በታሪክ ትምህርት ለሁለተኛ ዲግሪ ተቀብሎታል። ለጊዜው ያረፈው ገርጂ፣ አክስቱ ቤት ነው። አክስቱ «እስክታገኝ ድረስ እዚሁ ሁን» ብለውታል። ነገር ግን ሳሎን ሶፋ ላይ እያደሩ፣ ልጆች ቴሌቪዥን ካልዘጉ መጽሐፍ ሳይገልጡ፣ ጠዋት ደግሞ በሁለት ታክሲ እየተሳፈሩ ማስተርስ መማር እንደማይሆን እሳቸውም እሱም ያውቁታል። ይህን ዘገባ ለማዘጋጀት ከሰዓት በኋላውን አብሬው ዞርኩ።

የመጀመሪያው ክፍል ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ ባለ ቆርቆሮ አጥር ግቢ ውስጥ ነበር። ከዋናው ቤት ጀርባ የተደረደሩ አራት ሰርቪስ ክፍሎች፤ መጸዳጃው የጋራ፣ ቆጣሪው የጋራ፣ ውኃው በፈረቃ። የጭቃ ግድግዳው ቀለም በቅርቡ የተቀባ ነው። ኮርኒሱ የማዳበሪያ ጨርቅ ሲሆን ጥግ ጥጉ ላይ ቡናማ ክብ ክብ ምልክት ይታያል። ክፍል በመስከረም አይቶ የሚከራይ ሰው ሐምሌን ማየት የሚችለው እዚያ ላይ ነው። እንጦጦ ግርጌ ያለ ሰፈር ዝናቡም ብርዱም ከቦሌ ይለያል፤ ከዲላ ወይም ከአርባ ምንጭ የመጣ ሰው ብርዱን የሚያውቀው ኅዳር ሲገባ ነው።

አከራይዋ በዕድሜ የገፉ፣ ነጠላ የለበሱ እናት ናቸው።

«ልጄ፣ እንግዳ ይበዛብሃል?»

«አይ እማማ፣ እዚህ ብዙም ሰው የለኝም።»

«ማታስ ታመሻለህ?»

«ቤተ መጻሕፍት አመሻለሁ። ሁለት ሰዓት፣ ሁለት ተኩል ቢሆን ነው።»

እማማ ፊታቸው ትንሽ ፈታ አለ። የግቢው በር የሚቆለፈው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ነው። «በኤሌክትሪክ ምድጃ መቼም አትሠራም» አሉ ቀጥለው፤ ይሄኛው ጥያቄ አልነበረም። ከዚያ በኋላ ዋጋው ተነገረ፤ የሦስት ወር በቅድሚያ። ወጣቱ በልቡ ሲያሰላ ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር። ክፍሏ ብቻዋን ከተጣራ ደመወዙ ከግማሽ በላይ ትወስዳለች።

«የጽሑፍ ውል እንፈራረማለን?» ብሎ ጠየቀ።

እማማ ደላላውን አዩት። ደላላው ወደ አጥሩ አየ።

የዚህ ታሪክ ቋጠሮ ያለው እዚህ ዝምታ ውስጥ ስለሆነ ወደ እሱ እመለሳለሁ። በመጀመሪያ ግን ደመወዝ የሚከፈለው፣ በራሱ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መምህር» እያሉ የሚጠሩት ሰው ለምን ደላላ ፊት እንደቆመ ማየት ያስፈልጋል።

በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ መሆን ለረጅም ጊዜ ዶርምና ካፌ ማለት ነበር። አልጋው ተደራራቢ፣ ሽሮው ቀጭን ቢሆንም ማደሪያ የዩኒቨርሲቲው ኃላፊነት እንደሆነ ተማሪውም ወላጁም ያምናል። የድኅረ ምረቃ ተማሪ ግን ሌላ ዓይነት ሰው ተደርጎ ታሰበ። ሥራ ያለው፣ ራሱን የቻለ፣ ምናልባትም ትዳር የያዘ፤ ስለዚህ ቤቱን ራሱ ይፈልግ ተባለ። የድኅረ ምረቃ ትምህርት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ1970ዎቹ መባቻ ሲጀመር የሚገባው ሰው በጣት የሚቆጠር ስለነበር ይህ አስተሳሰብ ብዙም አልጎዳም። በ1990 ዓ.ም. በአገሪቱ የነበሩት ዩኒቨርሲቲዎች ሁለት ብቻ ናቸው፤ አዲስ አበባና ዓለማያ። ዛሬ የመንግሥቶቹ ብቻ ከ40 በላይ ሆነዋል። እያንዳንዱ አዲስ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ቀጠረ፤ ከተቀጠሩት ብዙዎቹ የመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ ስለነበራቸው ማስተርስና ዶክትሬት እንዲማሩ ተላኩ፤ ከሚላኩባቸው ቦታዎች ቀዳሚው ደግሞ ስድስት ኪሎ ነው። ዩኒቨርሲቲዎቹ በየክልሉ ሲበዙ የአዲስ አበባው ግቢ ዙሪያ ግን ያው የድሮው ሰፈር ነበር። የድኅረ ምረቃ ዶርም አለ፤ ለሁሉም አይዳረስም። ወረፋ የደረሰው እድለኛ ነው፤ ያልደረሰው ሽሮ ሜዳ መንገድ ላይ ይገኛል።

ሰፈሩ እንዲህ የሆነበትን ምክንያት ለማወቅ ወደ ኋላ መሄድ ግድ ነው። የዩኒቨርሲቲው ዋና ግቢ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር። የ1953ቱ የታኅሣሥ መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ደም የፈሰሰበት እዚያው ነው፤ ከዚያ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ቤተ መንግሥቱን ለትምህርት ሰጡት፣ በ1954 ዓ.ም. ደግሞ በስማቸው የተጠራው ዩኒቨርሲቲ ሥራ ጀመረ። አዲስ አበባ በመሠረቱ በመኳንንት ሰፈሮች የተቆረቆረች ከተማ ናት፤ በጌታው ግቢ ዙሪያ አሽከሩ፣ ወታደሩ፣ ባለሙያው ይሰፍራል። ገነተ ልዑልም ዙሪያው እንዲሁ በትናንሽ ቤቶች የተከበበ ነበር። በሐምሌ 1967 የወጣው የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 እነዚህን ቤቶች ከባለቤቶቻቸው ወስዶ፣ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑትን ለቀበሌ ሰጠ። ኪራይ ወረደ፤ ነዋሪው ደስ አለው። ቤቱን የሚጠግን ግን ጠፋ። ቀበሌው ከጥቂት ብር ኪራይ ጣሪያ ሊቀይር አይችልም፣ ተከራዩም የእሱ ላልሆነ ቤት ገንዘብ አያወጣም። ከስድስት ኪሎ እስከ አፍንጮ በር፣ ከአምስት ኪሎ ወደ ግንፍሌ ወንዝ ወረድ ሲባል የሚታየው ያረጀ ጭቃ ቤት የዚያ ውሳኔ ውጤት ነው፤ ቢያንስ በከፊል።

ለተማሪው ይህ የታሪክ ትምህርት ብቻ አይደለም። የቀበሌ ቤት ነዋሪዎች አንዳንዶቹ ጓሮ ላይ የቀጠሉትን ክፍል ወይም አንዱን መኝታ ያከራያሉ። የቀበሌን ቤት ለሦስተኛ ወገን ማከራየት የተከለከለ ነው። እንዲህ ያለ ክፍል የገባ ተማሪ ዋጋው ይቀንስለት ይሆናል፤ ወረዳው አንድ ቀን ቢመጣ ግን የሚያሳየው ነገር የለውም። ስለዚህ ክፍሉን ከማየት በፊት «ቤቱ የማን ነው? የግል ነው የቀበሌ?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። ደላላው ቢቆጣም ይቆጣ።

በእነዚህ ጥቂት ዓመታት ደግሞ ሌላ ነገር ተጨምሯል። በ2016 ዓ.ም. የጀመረው የኮሪደር ልማት ፒያሳንና አራት ኪሎን፣ ቀጥሎም ካዛንቺስን ነክቷል። መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱ አምሯል፤ ለዓይን የሚያስከፋ ነገር የለውም። ነገር ግን ከፈረሱት ሰፈሮች ውስጥ ለተማሪ ኪስ የሚሆኑ ርካሽ ክፍሎች ነበሩ። ከዚያ የተነሳው ተከራይ አየር ላይ አይቀርም፤ እሱም እንደ ተማሪው ደላላ ፊት ይቆማል።

ከግቢው ርቆ መኖርስ? ብዙዎች የሚሞክሩት ይህንን ነው። ኮንዶሚኒየም ሦስት ሆነው ተከራይተው አንድ አንድ መኝታ ይይዛሉ፤ ውኃና መጸዳጃው ቤት ውስጥ ነው፣ በር የሚቆልፍባቸው የለም። ችግሩ ኮንዶሚኒየሞቹ በብዛት የተሠሩት ከተማው ጫፍ መሆኑ ነው። ጀሞ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ቦሌ አራብሳ፣ የካ አባዶ፤ ሁሉም ከስድስት ኪሎ ሩቅ ናቸው። ቀላል ባቡሩም እዚህ አይደርስም፤ በሰሜን በኩል የሚያበቃው ፒያሳ ምኒልክ አደባባይ ስለሆነ ቀሪው ዳገት በታክሲ ወይም በእግር ነው።

ርቀት ለሁሉም ተማሪ እኩል አያስከፍልም። ክፍል ውስጥ ተምሮ ወደ ቤቱ የሚሄድ የማታ ተማሪ ቱሉ ዲምቱ ሆኖም ሊጨርስ ይችላል፤ የጨረሱም አሉ። ታሪክ፣ ቋንቋ ወይም ፎክሎር የሚያጠና ግን ቀኑን የሚያሳልፈው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ንባብ ቤት ነው። ብራናውና የቆየው ጋዜጣ በቦርሳ ተይዞ አይወጣም፤ እዚያው ተቀምጠው ያነቡታል። አራት ኪሎ በሚገኘው የሳይንስ ግቢ ላቦራቶሪ ያለው ተማሪም ሙከራው በሌሊት ወይም በእሑድ ሰው ይፈልጋል። ለእነዚህ ቤት ማለት የእግር መንገድ ነው፤ ሁለት ሰዓት ታክሲ ሰልፍ ላይ የቆመ ሰው ሁለት ሰዓት አላነበበም።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጨምር። ይኸው የጥናት ተቋም የሚገኘው በቀድሞው ቤተ መንግሥት ውስጥ ሲሆን፣ ሙዚየሙ የንጉሠ ነገሥቱን መኝታ ቤትና መታጠቢያ ክፍል እንደነበረ ጠብቆ ያሳያል። አብሬው የዞርኩት የታሪክ ተማሪ በማግስቱ ጎብኝቶት ኖሮ ስልክ ሲደውልልኝ «ቢያንስ አንድ መኝታ ቤት አገኘሁ፤ አያከራዩም እንጂ» አለኝ።

ቤት ፍለጋ ለሴት ተማሪ ሁለት መልክ አለው። አከራዮች ሴት ይመርጣሉ፤ «ለሴት ብቻ» የሚል ማስታወቂያ በየፎቶ ኮፒ ቤቱ መስታወት ላይ ተለጥፎ ይታያል። ንጹሕ ናት፣ አትሰክርም፣ ግቢ ትጠብቃለች ይባላል። ያ ምርጫ ግን ቁጥጥር ይዞ ይመጣል። ማን ጠራሽ፣ ማን ሸኘሽ፣ እሑድ የት ዋልሽ። በሶሻል ወርክ ዶክትሬቷን የምትሠራ አንዲት መምህርት ከአንድ ዓመት በላይ ከኖረችበት ግቢ የወጣችው፣ የምርምር ረዳቷ የሆነ ወንድ ተማሪ መጠይቅ ሊያደርስላት በር ላይ ስለቆመ ነው። አከራይዋ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ስትታመም አጥሚት የሠሩላት እሳቸው ናቸው። «እንደ ልጃቸው ያዩኝ ነበር» አለችኝ፤ «ችግሩም እሱ ነው፤ እኔ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው።» ከቤተ መጻሕፍት አምሽቶ መመለስም ለእሷ ሌላ ስሌት አለው። ግንፍሌና ቀበና ወንዝ ዳር ያሉ ክፍሎች ርካሽ ናቸው፤ መብራት የሌለው ቁልቁለት ግን ከኪራዩ ላይ የተቀነሰው ዋጋ ነው። አሁን የምትኖረው ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ታክሲ በሚያወርድበት በር ላይ፣ ከሌላ መምህርት ጋር በደባልነት ነው። ደባሏን ያገኘቻት ምዝገባ ሰልፍ ላይ ነው።

ከደላላ ይልቅ ብዙ ክፍል የሚገኘውም እንዲህ ነው። ከግቢው በር ፊት ለፊት ያሉት ፎቶ ኮፒና ጥረዛ ቤቶች ማን ተመርቆ ክፍል እንደሚለቅ ከሬጅስትራር ቀድመው ያውቃሉ፤ ቴሲሱን የሚያስጠርዝ ተማሪ ሊለቅ የተቃረበ ተማሪ ነውና። ሰኔና ሐምሌ ላይ እዚያ ቆሞ የጠየቀ ሰው ከለቃቂው እጅ፣ ያለ ኮሚሽን፣ የአከራይዋን ጠባይ ጭምር ሰምቶ ይረከባል። ችግሩ አዲስ ገቢው በሰኔ ገና መግባቱን እንኳ አለማወቁ ነው። የቅበላ ዝርዝር ወጥቶ፣ ከመሥሪያ ቤቱ የፈቃድ ደብዳቤ አስጽፎ አዲስ አበባ ሲደርስ መስከረም አልቋል፤ የተለቀቀው ክፍልም ሰው ገብቶበታል። ስለዚህ ማመልከቻውን ሲያስገባ ጀምሮ በግቢው ያለ የአገሩን ልጅ ወይም የመሥሪያ ቤት ባልደረባውን ማስያዝ ብልህነት ነው።

አሁን ወደ ውሉ ልመለስ።

በመጋቢት 2016 የተወካዮች ምክር ቤት የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320ን አጸደቀ። በአዋጁ መሠረት የኪራይ ውል በጽሑፍ ይሆናል፣ በ30 ቀን ውስጥ ይመዘገባል፤ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም፤ ክፍያው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ይፈጸማል፤ ጭማሪ በዓመት አንዴ፣ ተቆጣጣሪው አካል በሚወስነው መጠን ብቻ ነው። የውሉ ዘመን ደግሞ ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም።

ሁለት ዓመት! አንድ ዓመት ኮርስ፣ አንድ ዓመት ቴሲስ፤ የማስተርስ ዕድሜ ራሱ። ሕግ አውጪው ተማሪውን አስቦ ባይጽፈውም ለእሱ ልክ የተሰፋ አንቀጽ ነው። ሆኖም ካነጋገርኳቸው የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች መካከል የተመዘገበ ውል በእጁ ያለው አላገኘሁም። አብሬው የዞርኩት መምህርም በመጀመሪያው ግቢ የተጠየቀው የሦስት ወር ነው፤ ከሕጉ በላይ።

ለምን? ደላላው ሲሸኘን ነገሩን ገልጦ ነገረን። «ወንድሜ፣ ውል ያልክ ዕለት ክፍሉ ተይዟል ይሉሃል።» እማማንም በኋላ ብቻቸውን አነጋግሬያቸዋለሁ። ጡረታቸው መድኃኒታቸውን አይሸፍንም፤ የሚኖሩት በአራቱ ክፍሎች ኪራይ ነው። ከተመዘገብኩ ግብሩ ይመጣል ይላሉ። ሁለት ዓመት ብዬ ከፈረምኩ ደግሞ የሚያስቸግር ሰው ቢገባብኝ ማስወጣት አልችልም ብለው ይፈራሉ። ከዓመታት በፊት አንድ ተከራይ የስድስት ወር መብራት ሳይከፍል በሌሊት ዕቃውን ጭኖ ጠፍቶባቸዋል። ተማሪው ደግሞ ምዝገባው ነገ ነው፣ ዘመድ ቤት መቆየት አሳፍሮታል፣ ተደራዳሪ የሚሆንበት አቅም የለውም። ሕጉ የሚጠብቀው ወረቀት ያለውን ሰው ነው፤ ወረቀት የሚጠይቅ ሰው ክፍል አያገኝም። እንዲህ ሆኖ ጭማሪው ይመጣል፤ ብዙ ጊዜ የሚመጣውም ተማሪው ሊንቀሳቀስ በማይችልበት፣ ለቴሲሱ መከላከያ በሚዘጋጅበት ወር ነው።

እዚህ ላይ ጥፋቱን ሁሉ በአከራዩ ላይ መጫን ቀላል ነው፤ ትክክል ግን አይመስለኝም። እማማ የሚፈልጉት ዋስትና ነው፣ ተማሪውም የሚፈልገው ዋስትና ነው። በመካከላቸው ዋስ ሊሆን የሚችል ተቋም አለ፤ ዩኒቨርሲቲው። የተማሪውን ማንነት፣ የሚሠራበትን መሥሪያ ቤት፣ የሚጨርስበትን ወቅት በማኅደር ይዟል። ክፍያ ሳያጠናቅቅ ዲግሪውን እንዳይወስድ የማድረግ ሥልጣንም አለው፤ ክሊራንስ የሚባለው ወረቀት ለቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ እንጂ ለቤት ኪራይ ተጠይቆ አያውቅም። አከራይ ከዚህ የተሻለ ዋስ ከየት ያገኛል? ዩኒቨርሲቲው ግን ማደሪያን እስካሁን የተማሪው የግል ጉዳይ አድርጎ ትቶታል፤ ያን እየተወ ቴሲሶች ለምን እንደሚዘገዩ ይጠይቃል።

መምህሩ በመጨረሻ ክፍል አግኝቷል። ሽሮ ሜዳ ሳይሆን ጉራራ በኩል፣ ከእርሻ ኢኮኖሚክስ ተማሪ ጋር በጋራ፤ የግል ቤት ነው፣ ኮርኒሱ ቺፑድ ነው፣ ውኃ በሳምንት ሁለት ቀን ይመጣል፣ አከራዩ ሮቶ አላቸው። ውሉ በቃል ነው። ኪራዩን ግን በባንክ ለመቀበል ተስማምተውለታል፤ ደረሰኙን በየወሩ ስልኩ ላይ ያስቀምጣል። የጽሑፍ ውል የማይፈርም አከራይ ጋር የገባ ተማሪ ሌላ ምንም ባያደርግ ይህንን ያድርግ። ሲገባም የቆጣሪውን ንባብ ፎቶ ያንሳ።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ሆኗል፤ ስለ ገቢውም ስለ አሠራሩም ራሱ የመወሰን ዕድል አግኝቷል። አዲስ ሕንፃ እስኪሠራ መጠበቅ አያስፈልገውም። በዚህ የምዝገባ ወቅት ከሬጅስትራሩ መስኮት አጠገብ አንድ ጠረጴዛ ያስቀምጥ፤ በዙሪያው ያሉ ፈቃደኛ አከራዮችን ይመዝግብ፣ በአዋጁ መሠረት የተዘጋጀውን የውል ቅጽ አትሞ ይያዝ፣ ለተማሪው የዋስትና ደብዳቤ ይጻፍ፣ ውሉን ወረዳ ወስዶ የሚያስመዘግብ አንድ ሠራተኛ ይመድብ። የቅበላ ዝርዝሩንም ከክረምቱ በፊት ያውጣ።